ዕቃው ከስሙ ጋር ይሂድ፦ የእጅ ሥራንና የቆየ ዕቃን በኢንተርኔት መሸጥ ከየት ይጀምራል?

(በጎንደር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማዋ ባለእጆች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪው ከክፍለ ጊዜው በኋላ ጠጋ ይልና «መምህር፣ እናቴ ስፌት ትሰፋለች፤ አባቴ ሸማኔ ነው፤ ሥራቸውን በኢንተርኔት እንዴት ልሽጥላቸው?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የአያቱን የብር መስቀል ወይም የቀንድ ዋንጫ ፎቶግራፍ ያሳየኝና «ይህስ ስንት ያወጣል?» ይላል። የውጭዎቹ የኢንተርኔት ገበያዎች ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ መደብ ላይ ያስቀምጧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የተመሠረተው ኤትሲ የታወቀው የእጅ ሥራን ከቆየ ዕቃ ጋር በመሸጥ ነው፤ «የቆየ» ለመባልም ዕቃው ቢያንስ 20 ዓመት ሊሞላው ይገባል። በጎንደር ግን 20 ዓመት የሞላው ዕቃ ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ እመልሳለሁ፤ የሁለቱም መልስ ግን ከአንድ ሐሳብ ይነሣል። ሻጭ የመጀመሪያ ሥራው ሱቅ መክፈት አይደለም፤ ስለ ዕቃው እውነተኛ ቃል መጻፍ ነው። ማን ሠራው? ከምን? የት? መቼ? ይህን ያልመዘገበ ሰው የሚሸጠውን አያውቅም።

ጉዳዩ የመዝናኛ ወሬ አለመሆኑን በቅድሚያ ልናገር። የከተማችን ባለእጅ ለረጅም ጊዜ ሥራውን የሸጠው ቤተ መንግሥቱንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ነበር። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም ጦርነቱና የክልላችን አለመረጋጋት እንግዳውን አስቀሩት። እንግዳው ሲቀር ዕቃው መደርደሪያ ላይ አደረ። ዛሬ «በኢንተርኔት እንሽጥ» የሚለው ወጣት ሱቅ ለማሳመር ሳይሆን የእናቱን እጅ ሥራ ላለማስፈታት ነው የሚጠይቀው።

ከቀሐ ልጀምር። በጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው ይህ ወንዝ የገበያ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ ሰፈራቸውም በቀሐ አጠገብ ሆነ። የአዲስ ዓለም ሰው ሸማኔና ነጋዴ ነበር፤ ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ፣ ግንበኛና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ከተማዋ በእነዚህ ሰዎች እጅ ለበሰች፣ ታነጸች፣ ቡናዋን ጠጣች፤ ስማቸውን ግን አልመዘገበችም። በዜና መዋዕሎቻችን ውስጥ ካባውን የለበሰው ንጉሥ ይታወቃል፤ የሸመነው አይታወቅም። ስም ተጠራ ከተባለም ለስድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ይመሰክራል።

እንግዲህ የኢንተርኔት ገበያ በዚህ ላይ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ገዢው ዕቃውን መዳሰስ አይችልም። ቅዳሜ ገበያ የምትገዛ ሴት ነጠላውን በጣቷ አሽታ፣ ወደ ብርሃን አንሥታ፣ ፈትሉን አይታ ትፈርዳለች። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ የሚዳስሰው የሻጩን ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ የዕቃው አካል ሆነ። ዘመናትን ሙሉ ስሙ ያልተጻፈው ባለእጅ ስሙ ዋጋ የሚያወጣበት ገበያ ደረሰለት ማለት ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በራሴ ጥፋት ነው። አክስቴ ፈታይ ናቸው። ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ ይሰጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጠላ አሠርተው ሰጡኝና በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል በኢንተርኔት እንዲሸጥ አደረግሁ። በመግለጫው ላይ «ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል» ብዬ ጻፍሁ። ነጠላው ደረሰ። ገዢዋ የአገራችን ሴት ነበሩ፤ የላኩት መልእክት አጭር ነው፦ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፣ ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ነው፣ ለምን ዋሻችሁ?

ትክክል ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ የሚዘረጋው ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ ጠንካራ ስለ ሆነ አይበጠስም፤ የእጅ ፈትል በማግነት ይገባል። ይህ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ነጠላ ይወጣዋል። ነውሩ የእኔ ቃል ነበር። ገንዘቡን መልሰን ነጠላውን ስጦታ አደረግንላቸው። አክስቴን ግን ያስቆጣቸው ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄ፣ እኔን ሳትጠይቅ ስለ እኔ ሥራ ጻፍህ። እኔ ለሸማኔው ማግ ነው የሰጠሁት፤ ድሩን እርሱ ከሱቅ ገዛ። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዚህ ገበያ ግን እስኪነጋ እንኳ አይቆይም፤ ገዢው የሚጽፈው አስተያየት ከሱቁ ስም ሥር ተለጥፎ ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ያዝሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ፤ በገጹም ላይ አምስት ነገር። አንደኛ፣ የሠሪዎቹ ስም፣ ስማቸው እንዲጻፍ ከፈቀዱ። «ሠሪዎች» ያልሁት በብዙ ቁጥር ነው፤ አንድ ጋቢ ፈታይም ሸማኔም አለው፣ ጥለቱንም የሚጥል ሰው ሊለይ ይችላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ ከየት እንደ መጣ፦ ለሸማ ድሩና ማጉ ተለይቶ፣ ለስፌት ስንደዶውና አክርማው፣ ቀለሙም የተፈጥሮ ይሁን የሱቅ። ሦስተኛ፣ የወሰደው ቀን። አራተኛ፣ ልኩና ክብደቱ፤ ሸማ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ይለካል። አምስተኛ፣ ጉድለቱ። የተሳሳተ ጥለት፣ የተሰነጠቀ እጀታ፣ የደበዘዘ ቀለም ካለ በግልጽ ይጻፋል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ደብተሩ የወረቀት ይሁን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በስልክ ብቻ የመዘገበ ሰው መዝገቡን ማግኘት ተቸግሯል። ለገዢው የሚነገረው የማድረሻ ጊዜም ይህን ያስብ፤ በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ ብሎ በሁለት ወር ከማድረስ፣ ሁለት ወር ብሎ በአንድ ወር ማድረስ ይሻላል።

ስም መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ወለቃን ግን ተመልከቱ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዝን የምናገኛት ይህች መንደር በሸክላ ምስሎቿ ትታወቃለች፤ አንበሳው፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ሥራውን የጀመሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። እነርሱ ግን በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻና በግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በወለቃ ጭቃ የሚያቦኩት በአብዛኛው በስፍራው የቀሩ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው፤ ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከልም ለችግር የተጋለጡ ሴቶችን ሸክላና ሽመና ያስተምራል። ዕቃው ግን አሁንም በብዙ ቦታ በቀደሙት ሠሪዎች ስም ይሸጣል።

ሻጩ ምን ይጻፍ? «የቤተ እስራኤል ሸክላ» ብሎ ቢጽፍ ዛሬ ምስሉን ያበጀችውን ሴት ይሰርዛል፤ ገዢውንም ያሳስታል። የቤተ እስራኤልን ስም ፈጽሞ ቢተወው ደግሞ ጥበቡን ያስተማሩትን ይክዳል። የእኔ ሐሳብ ሁለቱም ይጻፉ ነው፦ ይህ ቅርጽ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ውርስ ነው፤ ይህን ምስል ግን በዚህ ዓመት በወለቃ የሠራችው እገሊት ናት። ረዘም ይላል፤ እውነት ነው። የዚህ ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልለፍ፤ በመልካም ቃል ብቻ ሱቅ አይቆምምና። ጀማሪ ሻጭ ዋጋ የሚተምነው ጎረቤቱ የሸጠበትን አይቶ ነው። ደብተሩ ግን ሌላ መንገድ ይሰጣል፦ የጥሬ ዕቃው ዋጋ፣ የእያንዳንዱ ሠሪ የቀን ክፍያ፣ ማሸጊያው፣ የገበያው ቅንስናሽ፣ የሻጩ ድካም። ለምሳሌ በኤትሲ አንድ ዕቃ ለአራት ወር ለመለጠፍ 20 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ሲሸጥ ደግሞ 6.5 በመቶ ይከፈላል፤ መቶኛውም የሚታሰበው በማጓጓዣው ላይ ጭምር ነው። ዕቃው 50 ዶላር፣ ማጓጓዣው 30 ዶላር ቢሆን የ80 ዶላሩ 6.5 በመቶ 5 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፤ የመለጠፊያው ሲጨመር 5 ዶላር ከ40። የክፍያ ማስተላለፊያው ገና አልተነካም። ይህን ሳያሰላ የተነሣ ሻጭ ጉድለቱን የሚሞላው ከፈታይዋ ድርሻ ነው።

ማጓጓዣ ሌላው ወጥመድ ነው። የአየር መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም፤ በሚይዘው ቦታም ነው። የተለመደው ስሌት ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 መካፈል ነው። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሞሰብ 40 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢገባ 16 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል። ታዲያ ትልቁን ሞሰብ ለጎንደርና ለአዲስ አበባ ገዢ ትተን፣ ለባሕር ማዶው ጠፍጣፋ ሰፌድ፣ ትንሽ ሙዳይ፣ ነጠላ ብንልክ አይሻልም? ሸክላውንም በጭድ አታሽጉት፤ ብዙ አገሮች የደረቀ ተክል በዕቃ ውስጥ ሲያገኙ ያግዳሉ። የቆየ ልብስ ቁራጭ ወይም ወረቀት ይበቃል። ወደ አሜሪካ የሚልክ ሰው ደግሞ፣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ መቋረጡን ይወቅ፤ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ለገዢው ይንገር።

ክፍያው በሦስት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው የአገር ውስጡ ነው። በቴሌግራም ዕቃን ማሳየትና በቴሌብር መቀበል ከግንቦት 2013 ወዲህ ማንም የሚችለው ሆኗል፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። ጀማሪ ከዚህ ይጀምር፤ እዚህ የሚሠራው ስሕተት ርካሽ ነው። ሁለተኛው በውጭ ያለ ዘመድ ሱቁን በስሙ ከፍቶ የሚሸጥበት ነው። ብዙዎቻችን የምንሄድበት መንገድ ይህ ነው፤ በሕግ ፊት ግን ሱቁም ገንዘቡም የዘመድ ነው። ዘመድ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ዘመድ ሆኖ እንዲቀር ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ለባለእጅ የሚከፈለው በብር የተቆረጠ ገንዘብ ሳይሆን የሽያጩ ድርሻ ቢሆን ይመረጣል፤ ያለዚያ ዶላሩ በጨመረ ቁጥር የሚያተርፈው ያልፈተለው ነው። ሦስተኛው በማኅበር ተደራጅቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ ወደ ውጭ መላክ ነው። በአዲስ አበባ ሶልሬብልስ ከበረባሶ ጎማ ተነሥቶ በዓለም የታወቀ ጫማ ሠርቷል፤ ሳባሃርም ሐርና ጥጥ በእጅ አስፈትሎና አሸምኖ ይልካል። ሁለቱም ለገዢ አስቀድመው የሚናገሩት ዕቃው በማን እጅና እንዴት እንደ ተሠራ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተማሪ ልመለስ፤ የአያቱን መስቀልና ዋንጫ ወዳሳየኝ። እዚህ ላይ ቃሌን ላክብደው።

መጀመሪያ ዕድሜ በዓይን አይታወቅም። ከሁሉ የሚቀለው ምሳሌ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። በላዩ 1780 የሚል ዓመት ተቀርጿል፤ ያየው ሁሉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ይሰጠዋል። ነገር ግን ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «1780 የተመታ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሳያውቅ ይዋሻል። ከጠገራ ብር የቀለጠ መስቀልም ዕድሜው የብሩ ሳይሆን የአንጥረኛው ነው። በጭስ የጠቆረ አዲስ ብራና፣ በአፈር የተቀበረ አዲስ መስቀል በየገበያው አለ። የማታውቁትን ዕድሜ አትጻፉ፤ «ከአያቴ የወረስሁት፣ እርሳቸው በእጃቸው የያዙት» ማለት እውነት ከሆነ በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው በእርግጥ ጥንታዊ ከሆነ የሻጭ ዕቃ መሆኑ ያቆማል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥን ይከለክላል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። አዲስ የተሠራ ነገር ግን ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ እንኳ በጉምሩክ እንዳይያዝ ከቅርስ ባለ ሥልጣን ማረጋገጫ ይወሰድለታል። የአንበሳ ጎፈር፣ የጉሬዛ ቆዳና የዝሆን ጥርስም ከአያት የተወረሱ ቢሆኑ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ይይዛቸዋል።

ይህ የሕግ አስጨናቂነት የሚመስለው ጎንደሬ ካለ የራሱን ከተማ ታሪክ ያስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 የጎንደርን አድባራት ሀብትና የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 እና 21 ቀን 1868 በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ። የጎንደር የቆዩ ዕቃዎች ትልቁ ሽያጭ ያ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን በሜዳው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አስሎ ሄደ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ አንድ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀረቡ። የኢትዮጵያ መንግሥት ጠየቀ፤ ከጨረታው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ተመለሱ። ሊመለሱ የቻሉት ለምን ይመስላችኋል? ከየት እንደ ተወሰዱ የሚናገር ቃል ከዕቃው ጋር ስለ ነበረ ነው። ቃሉ የጠፋበት ዕቃ ግን አሁንም በየጨረታው ያልፋል፤ ከመጻሕፍት የተገነጠሉ የብራና ቅጠሎች አንድ በአንድ ይሸጣሉ፤ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደ ነበር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ዋንጫውን አትሽጠው። ፎቶግራፍ አንሣው፤ አያትህ በሕይወት ሳሉ ማን እንደ ሠራው፣ በማን ሠርግ እንደ ተጠጣበት ጠይቀህ ጻፍ፤ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ አሳይተህ አስመዝግበው። መሸጥ ከፈለግህ ቀንድ የሚሠራ ባለእጅ ፈልግ፤ አዲስ ዋንጫ አሠራ፤ «በጎንደር በዚህ ዓመት በእገሌ እጅ የተሠራ» ብለህ ሽጥ። አሮጌው ዋንጫ ቤት ይቀመጣል፤ ባለእጁም እንጀራ ይበላል።

ተማሪው ትንሽ ዝም ብሎ «አያቴ ግን አንድ መቶ ጊዜ ሊነግሩኝ ሞክረው አልሰማኋቸውም» አለኝ። ዛሬ ማታ ከዚህ ስትወጡ የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት፣ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁም በፊት፣ አንድ ደብተር ግዙና ከቤታችሁ ባለእጅ አጠገብ ተቀመጡ። ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁም ጻፉ። አክስቴ አሁንም ይፈትላሉ። የላክሁትን እያንዳንዱን ነጠላ መግለጫ አስቀድሜ አነብላቸዋለሁ፤ «ድሩ የሱቅ ነው» የሚለው መኖሩን ሳይሰሙ አያሰናብቱኝም።